ስልኩን ሲዘጉ የሚሉት

«ዛሬ ሦስት ጣት ይገባል» አሉ ሽማግሌው ግንበኛ በስልኩ ውስጥ። «ትናንት ሁለት ተኩል ነበር። ማታ የለጠፍኩበት ጄሶም ለሁለት ተከፍሎ አደረ። እየሰማሽኝ ነው የኔ ልጅ?»

«እየሰማሁዎት ነው አባባ።»

«ጄሶ ስንጥቅ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ስንጥቁ የቆየ ከሆነ ጄሶው እንዳለ ይኖራል። ግድግዳው እየሄደ ከሆነ ግን አብሮ ይከፈላል። አርባ ዓመት ግንብ ስሠራ ኖሬ ይሄ አይጠፋኝም። ይሄ አራተኛው ጄሶ ነው።»

ስልክ ተቀባይዋ መነጋገሪያውን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ቅጹ ላይ ጻፈች፦ ታችኛው ሰፈር፣ ግንበኛው፣ ስንጥቅ፣ ሦስት ጣት። አጠገቧ ያለው ሁለተኛው ስልክ መጮህ ጀምሯል።

«መልእክትዎ ደርሶናል» አለች። «ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን። መጥተው ያዩታል።»

«እሱን እየጠበቅኩ እኮ ነው። እኔስ ልውጣ ብል የት እገባለሁ? ባለቤቴ ከአልጋ እንደማትወርድ ነግሬሻለሁ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። ብቻ እነሱ መጥተው አንድ ነገር ይበሉኝ።»

«እሺ አባባ።»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። አንቺ ነሽ እንጂ ማን ሰው ብሎ ያናግረናል። ተባረኪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቅጹ ግርጌ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ ምስጋና፣ ጥያቄ፣ ቅሬታ። ስልክ ተቀባይዋ ምስጋና ላይ ምልክት አደረገች። ቅጹን ከደብተሩ ቀደደችና ጠረጴዛዋ ላይ ከተደረደሩት ሦስት የብስኩት ካርቶኖች ወደ መጀመሪያው ጣለችው። ከዚያ ሁለተኛውን ስልክ አነሳች።

ተራራው ከተናደ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መካከለኛው ሰፈር ከነነዋሪዎቹ ከአፈር በታች ቀርቷል። ከእሱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ታችኛው ሰፈር ግን ሳይነካ ተረፈ። ሕዝቡ በጥድፊያ ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ የሚሆኑ ቤተሰቦች መጨናነቁ ሲያስመርራቸው በራሳቸው ፈቃድ ወደ ታችኛው ሰፈር ተመልሰዋል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰቦች ግን እስካሁን መማሪያ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። የስልክ ተቀባይዋም እናት ከእነሱ ጋር ናቸው፤ አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከሰሌዳው ሥር።

የመልሶ ማቋቋም ጽሕፈት ቤቱ የተከፈተው በአሮጌው ፖስታ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ስልክ ተቀባይዋ የምትሠራው ድሮ ቴምብር ይሸጥበት ከነበረው መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ነው። ድምጿ ለስለስ ያለ፣ የማይጣደፍ ነው። በዚህ የተነሳ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በስልክ የሚተላለፈውን የሬዲዮ መልእክት እሷ እንድታነብ አደረጋት፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ከተማው ሁሉ «ማሯ» ይላት ጀመር። ኃላፊውን ደግሞ ሠራተኞቹ ከጀርባው «መግለጫ» ይሉታል።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራት መቶ ሰው ይደውል ነበር። ሰው በአንድ ትንፋሽ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ይጠይቃል፣ ይመርቃል። ቅጹ ላይ ግን ምልክት የሚደረገው አንዱ ሳጥን ላይ ብቻ ነው። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር የማትወደው ማሯ ራሷ ናት መላውን ያመጣችው።

«ጋሼ፣ ሲዘጉ የሚሉትን ልያዝ?» አለችው ኃላፊውን።

«ጎበዝ!» አላት። «ሰው ሐሳቡን የሚያጠቃልለው መጨረሻ ላይ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ሆነ። ሆኖም ስልኩን አንስቶ አቤት ያለውን ሰው ሳይመርቅ የሚዘጋ ማን አለ? በቁጣ ጀምሮ የሚጮህ ሰው እንኳ ሲወጣለት «በይ እሺ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ነው የሚሰናበተው። ቅሬታ ካርቶን ውስጥ የሚገቡት ጆሮዋ ላይ የሚዘጉባትና መሃል ላይ የሞባይል ሂሳባቸው የሚያልቅባቸው ናቸው።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ኃላፊው አንድ ወረቀት ይዞ ከክፍሉ ወጣ። የለበሰው የትናንትናውን ሸሚዝ ነው። ጢሙን ከተላጨ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሁለት ወንበር ገጥሞ እዚያው ቢሮ እንደሚያድር ሁሉም ያውቃል።

«ማሯ፣ ጉሮሮሽን ጠራርጊ። ዛሬ ትልቁ ቀን ነው። ይሄን ብቻ ታነቢያለሽ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። «ባለፉት አሥር ቀናት ከደወሉ ነዋሪዎች መካከል ከመቶ ሰባ ስምንቱ ለተሠራው ሥራ ምስጋናቸውን አቅርበዋል። ከታችኛው ሰፈር የግድግዳ መሰንጠቅን ወይም የመሬት መንቀሳቀስን የሚመለከት አንድም ቅሬታ አልቀረበም። በመሆኑም በትምህርት ቤቱ የሚገኙ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰቦች ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።»

«አንድም» ከሚለው ላይ ዓይኗ አልነሳ አላት።

«ጋሼ...»

«ምን ሆንሽ?»

«ስለ ስንጥቅ የሚደውሉ ሰውዬ አሉ። ግንበኛ ናቸው። በየቀኑ ነው የሚደውሉት። ዛሬ ጠዋትም ደውለዋል።»

«ቅሬታ ውስጥ ገብቷል?»

«ምስጋና ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው አመስግነዋል» አለ ኃላፊው። ቀልዱን አልነበረም።

«ላዩ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ። ስንጥቅ ብዬ ጽፌያለሁ። እርስዎ የሚያነቡት መስሎኝ...»

«በቀን ሦስት መቶ ወረቀት ላንብ? እኔ የማየው የምልክቱን ቁጥር ነው። የቴክኒክ ክፍሉ ደግሞ ፈርሟል። ስንጥቅ ካለ እነሱ ያውቁት ነበር።» ሰዓቱን አየ። «በይ አሁን ውሃ ጠጪ።»

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምትተይበው አዛውንቷ ጸሐፊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ማሯን አየቻት።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልውጥ አለ።»

«እትዬ፣ የቅሬታ ካርቶኑን ማታ ማታ የሚወስደው ማን ነው?»

«ተላላኪው ነዋ። ለመሐንዲሱ።»

«የምስጋናውንስ?»

«እሱን እዚህ እቆጥርና ለመግለጫ እሰጠዋለሁ። ከዚያ መጋዘን ነው የሚገባው። ምስጋና ለመሐንዲስ ምን ያደርግለታል?»

ማሯ ብድግ አለች። የአሥሩን ቀን የምስጋና ቅጾች ከመጋዘኑ አወጣች፤ ሁለት ካርቶን ሞልተዋል። የዛሬውን ከላይ ጨመረችና ሁለቱንም አቀፈቻቸው።

«ስልኮቹን ያዢልኝ እትዬ።»

«ሦስቱንም? ሁለት ጆሮ ነው ያለኝ እኮ!»

መሐንዲሱ ያለው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድሮ ጥቅል ይቀመጥበት በነበረው ክፍል ነው። ጭቃ የነካው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆሟል፤ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ካርታ ላይ አቀርቅሯል። ካርቶኖቹን ሲያይ እጁን አነሳ።

«ደግሞ ሽንት ቤት ነው? በአሥር ቀን ውስጥ የደረሰኝ ቅሬታ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ አራቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ነው። ከታችኛው ሰፈር የመጣው አንድ ብቻ፣ እሱም የጎረቤት ውሻ እየጮኸ አላስተኛ አለኝ ይላል።»

«ኢንጂነር፣ አንተ ምን አይተህ ነው የፈረምከው?»

ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ጠይቃው አታውቅም።

«ሁለት ነገር አይቼ። ከላይ ተራራው ላይ የተከልኳቸውን ችካሎች አየሁ፤ አልተነቃነቁም። ከታች ደግሞ እዚያ ያሉት ስልሳ ቤተሰቦች የሚሉትን ጠበቅኩ። ዝም አሉ።»

«ዝም አላሉም» አለችና አንዱን ካርቶን ካርታው ላይ ገለበጠችው።

መሐንዲሱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን እጁ አንድ ቅጽ ላይ አርፎ ነበርና አነበበው። ሌላም አነሳ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«'የሳሎኔ በር አልዘጋ ብሏል፣ አናጺ ላኩልኝ።' ይሄን ምን ብለሽ ነው ምስጋና ያልሽው?»

«ሲዘጉ መርቀውኝ ነው።»

«'የአጥሬ ምሰሶ ጎበጠ።' ይሄስ?»

«እሳቸውም መርቀውኝ ነው።»

ሁለቱም ቆመው መለየት ጀመሩ። የታችኛውን ሰፈር በአንድ በኩል፣ የቀረውን መሬት ላይ። አንዷ ሴት እንዲህ ስትል ደውላ ነበር፦ «ከጓሮዬ ውሃ መፍለቅ ጀምሯል፤ ቧንቧውን ቀጥላችሁልን መሰለኝ፣ ዘር ይውጣላችሁ።» ሴትዮዋ ከልቧ ነበር ያመሰገነችው። መሐንዲሱ ይህን ቅጽ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በታችኛው ሰፈር ቧንቧ የቀጠለ ሰው የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ደጋግሞ የደወለውን እንደ አንድ ሲቆጥሩ አርባ አንድ ቤት ተገኘ። እሷ የቤቱን ቦታ ስታነብ እሱ በቀይ እርሳስ ካርታው ላይ ነጥብ ያደርጋል። ነጥቦቹ ሲበዙ የታጠፈ ክንድ የመሰለ አንድ መስመር ሠሩ፤ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ተነስቶ ሰፈሩን አቅፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። መሐንዲሱ እርሳሱን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ከላይ ከላይ ሳይ...» አለ፤ አልጨረሰውም። «ከሥር ነው የሚሄደው። ሰፈሩ ራሱ ነው የሚሄደው። ግንበኛው ቤታቸው የት ጋ ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ በታች፣ ሦስተኛው።»

ጫማውን ሳያስር እግሩን አስገባ። የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ ነጠቀ።

«ስደርስ እደውላለሁ። ለመግለጫ ንገሪው፣ ፊርማዬን አንስቻለሁ በይው።»

ማሯ ወደ ቴምብሩ መስኮት ስትመለስ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጸሐፊዋ ሁለት ስልክ በሁለት እጇ ይዛ በአንዱ «ይጠብቁ»፣ በሌላው «አይጠብቁ» ትላለች።

«ይኸው እናትሽ» ብላ አንዱን አቀበለቻት።

«ማሯ!» አሉ እናቷ። እሳቸውም እንደ ሰፈሩ ሰው በዚሁ ስም መጥራት ጀምረዋል፤ ደስ ይላቸዋል። «ጓዛችንን ቋጥረን ጨረስን። ሃያ ሦስት ቀን የሰባት ቤተሰብ ማንኮራፋት ስሰማ ከርሜ ዛሬ በራሴ አልጋ ልተኛ ነው። የአንደኛው ባል ማንኮራፋትማ፣ የተራራውን ነገር አስረሳኝ እኮ!»

«እማዬ፣ ስሚኝ። ዛሬ እንዳትሄጂ።»

«ምን?»

«መኪናው ሲመጣ አሞኛል በይና ቅሪ።»

«አላመመኝም።»

«በይ አልኩሽ እማዬ! እባክሽ።»

በስልኩ ውስጥ ሕፃናት ሲጮሁ፣ ወንበር መሬት ላይ ሲጎተት ይሰማል። እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ሰምተሽ ነው?»

«ገና እየተጣራ ነው።»

«ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ?»

ማሯ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች።

«እኔ አሞኛል ብዬ ቁጭ ብዬ፣ ሃያ ዓመት አብረውኝ የኖሩት ጎረቤቶቼ ሲጫኑ ልያቸው? ልጆቻቸውን ሲያሳፍሩ ልያቸው? ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

«እማዬ...»

«ስድስት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፍተን እንጠብቅሻለን። ሁላችንም። እዚያ ላይ የምትይውን እኔም እሰማለሁ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናቷ ሳይመርቋት ስልክ ሲዘጉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ኃላፊው ክፍል ስትገባ ለሽኝቱ ክራባት እያሰረ ነበር። ስለ አርባ አንዱ ቤትና መሐንዲሱ ፊርማውን ስለማንሳቱ ነገረችው። ቆሞ ሰማት። ክራባቱ ግማሽ ላይ ቀርቷል።

«በቃል ፊርማ አይነሳም» አለ። «በደብዳቤ ይምጣ።»

«ደብዳቤ እስኪጻፍ ስምንት ሰዓት ይሆናል።»

«ማሯ፣ አድምጪኝ...»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አንስቶ አዳመጠና ሳይናገር ወደ እሷ ዘረጋላት። መሐንዲሱ ነበር። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ደርሻለሁ። የጓዳው ግድግዳ ወርዷል። ጠዋት ነው አሉኝ፣ ከአንቺ ጋር ተነጋግረው ስልኩን እንደዘጉ።»

«ባለቤታቸውስ?»

«ጎረቤት ተረባርቦ አወጣት። በር ነቅለው በእሱ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ትተነፍሳለች። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

«እሳቸውስ?»

«እዚህ አሉ። አብረዋት አልሄዱም። 'የሚመለከተው ክፍል ይመጣል ብላኛለች፣ እኔ ከሄድኩ ስንጥቁን ማን ያሳየዋል ብዬ ነው' አሉኝ። ሳሎኑን አሳዩኝ፤ እዚያማ አራት ጣቴ ገባ። ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ። አንቺንም አመስግንልኝ ብለዋል። ሰው እንዳታስገቡ። ያሉትም ይውጡ።»

ማሯ ስልኩን አስቀመጠች። ኃላፊው ሁሉንም ሰምቷል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ቤት ነው» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

«አርባ አንድ ነው ጋሼ።»

«መኪናዎቹ ተሰልፈዋል። ሽኝቱን ሊያዩ የመጡት ባለሥልጣናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ናቸው። እኔ ለበላይ አካል ልደውልና ልጠይቅ። እስከዚያ አንቺ የተጻፈውን አንብቢ። መሰረዝ ካለበት ከሰዓት በኋላ በጽሑፍ እንሰርዘዋለን።»

«ቤታቸው ከገቡ በኋላ?»

«በሁለተኛው ቀን የሆነውን ረሳሽው?» ድምፁ ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «አንድ ሰው ገበያ መሃል 'ተራራው ደግሞ መጣ' ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ሦስት ሰው ተረጋግጦ ሞተ። አንዷ የወንድሜ ሚስት ናት። ተራራው አይደለም የገደላት፣ ወሬ ነው። ልጆቿ እኔ ቤት ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው እንዳይደነግጥ ነው የምሠራው፤ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ማሯ የወንድሙ ሚስት መሞቷን አታውቅም ነበር። ስለ ሸሚዙና ስለ መግለጫው ሲስቁበት የከረሙት ትዝ አላት፤ አፈረች።

«የተጻፈውን አንብቢ» አላትና ቁጥሩን መምታት ጀመረ። የበላይ አካሉ ስልክ ተይዟል። ዘግቶ እንደገና መታ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። በቀኟ የኃላፊውን ወረቀት አኖረች። በግራዋ የግንበኛውን ቅጾች ከመጀመሪያው እስከ ዛሬው በቀን ደረደረች፤ ዘጠኝ ናቸው። በዘጠኙም ግርጌ የራሷ ምልክት አለ፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ንጹሕ።

ጸሐፊዋ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰች። ስልኩ ጮኸ።

«ማሯ ሰላም ነሽ?» አለ የሬዲዮው አዘጋጅ። «ሕዝቡ ድምፅሽን እየጠበቀ ነው። ዛሬ ደስ የሚል ዜና ይዘሻል አሉ!»

ኃላፊው ከክፍሉ በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሞባይሉን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው።

«ሰላም ነኝ» አለች። ድምጿ እንደወትሮው ለስላሳ ሆኖ ስለወጣ ራሷ ገረማት። «ታችኛው ሰፈር አንድ ግንበኛ አሉ። ዘጠኝ ቀን ደውለውልኛል። በመጀመሪያው ቀን 'ግድግዳዬ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ' አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጣት። በስድስተኛው ቀን ሁለት ጣት። ዛሬ ጠዋት ሦስት። ስልኩን እንደዘጉ ግድግዳው ወረደ። ከሥሩ ሰው ነበር።»

ዘጠኙን ቅጾች በእጇ ሰበሰበች።

«በር አልዘጋ ያላቸው፣ ከጓሯቸው ውሃ የፈለቀባቸው፣ አጥራቸው የጎበጠባቸው አርባ ሰዎችም ደውለዋል። ሲዘጉ ስለመረቁኝ ሁሉንም ምስጋና ብዬ ጻፍኳቸው። ስለዚህ ለማንም አልደረሰም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ትንፋሽ ወሰደች፤ ዓይኗን ወደ ኃላፊው አነሳች። «ተራራው አልመጣም። ማንም እንዳይሮጥ። ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ መኪናው ላይ አትውጡ፤ ባላችሁበት ቆዩ። ታችኛው ሰፈር ያላችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ሽማግሌና ሕፃን ይቅደም። ድልድዩ ላይ አትጋፉ፣ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ይጠብቅ። ጊዜ አለ። ዕቃ አትያዙ፣ ሰው ያዙ።»

«እ... ማሯ» አለ አዘጋጁ። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል። «ይሄ የጽሕፈት ቤቱ መግለጫ ነው?»

ኃላፊው በሩ ላይ እንደቆመ ነው። አልነቀነቀም፣ አልከለከለም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አይደለም» አለች። «የእኔ ነው።»

«እንግዲህ... እንዲህ ነው። ማሯ፣ በጣም እናመሰግናለን።»

ይህን ሲላት በየቀኑ «እኔም አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋሉ» ትለው ነበር። ዛሬ አላለችም። ስልኩን ዘጋች። በጸሐፊዋ ሬዲዮ ውስጥ ለአፍታ ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ ዘፈን ተለቀቀ።

የኃላፊው ሞባይል በስተመጨረሻ ተነሳለት። «አቤት ጌታዬ» ሲል ሰሙት። «አዎ ጌታዬ። ሰምቻለሁ ጌታዬ።» ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ልጄ» አለች ጸሐፊዋ። «ቦርሳሽን ብትይዢ ይሻልሻል።»

ማሯ ከቅጹ ደብተር አንድ አዲስ ገጽ ገለጠች። ደዋይ በሚለው ቦታ «ስልክ ተቀባይ» ብላ ጻፈች። ሰፈር በሚለው «ታችኛው»። ጉዳይ በሚለው «ስንጥቅ፣ አራት ጣት፤ ሰው ተጎድቷል»። ግርጌው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ጫን አድርጋ ቅሬታ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ቅጹን ቀደደችና ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ወደነበረው ሦስተኛው ካርቶን አስገባችው።

ሦስቱም ስልኮች በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ። የመጀመሪያውን አነሳች። «የመልሶ ማቋቋም ጽሕፈት ቤት፣ ምን ልርዳዎት» የሚለውን የተለመደ ሰላምታ አላለችም።

«አቤት» አለች። «በርዎ ይዘጋል?»